የሸራ ጀልባን በቤት መኪና ከጎንደር ጎርጎራ ማድረስና ውሃ ላይ ማውረድ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። ወንድሜ ከሆላንድ ሲመለስ አምስት ሜትር ርዝመት ያላት አነስተኛ የሸራ ጀልባ ከነተሳቢዋ ይዞ መጥቷል። የጀልባዋ ወረቀት 430 ኪሎ ይላል፤ ተሳቢው ሁለት ጎማ ብቻ ያለው ሲሆን የራሱ ፍሬን የለውም። የቤተሰባችን መኪና በፊት ጎማዎቹ የሚነዳ አውቶማቲክ ራቭ ፎር ነው። ልጆቹን ይዘን ጎርጎራ ወርደን ጣና ላይ ልናንሳፍፋት እንችላለን? የተሳቢው ጎማ ትንሽ ስለሆነ የባጃጅ ጎማ ይገባለታል የሚሉኝም አሉ።

ምላሽ፦ ይቻላል። ይሁን እንጂ ነገሩን «መኪናዬ ይስበዋል ወይ?» ብለው ከጀመሩት ወደማይጠቅም መልስ ይመራዎታል፤ ምክንያቱም በደረቅና በሜዳ መንገድ ላይ ይህችን ጀልባ ለመሳብ የሚቸገር የቤት መኪና እምብዛም የለም። ጋራዥ ውስጥም ሆነ ሐይቁ ዳር ካየኋቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ የደረሱት መኪናው መሳብ አቅቶት ሳይሆን የሳበውን መያዝ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ መልሴን ከዚህ አንጻር እሰጣለሁ፤ ከአዘዞ ቁልቁለት እስከ ሐይቁ ጭቃ ድረስ ይህን ክብደት ምን እንደሚይዘው በየደረጃው እንመልከት።

ክብደቱን በወረቀቱ አይመኑ። 430 ኪሎ የሚለው የባዶዋን ጀልባ ነው። ምሰሶው፣ ሸራዎቹ፣ መልሕቁ፣ ገመዱ፣ ትንሽ ሞተር ካላት ሞተሩና ነዳጁ፣ እንዲሁም የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹ ተደምረው ወደ 100 ኪሎ በቀላሉ ይደርሳሉ። በዚህ ልክ ያለ ተሳቢ ራሱ 220 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ድምሩ 750 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ይህ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ በአውሮፓ ደንብ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ የሚፈቀድለት የመጨረሻ ክብደት 750 ኪሎ ነው፤ በተጨማሪም ከጎታቹ መኪና ክብደት ግማሽ ማለፍ የለበትም። እርስዎ ገና ከቤት ሳይወጡ ከጣሪያው ላይ ነዎት። እህል የጫኑ መኪኖች የሚመዘኑበት የምድር ሚዛን ላይ ጀልባዋን ከነተሳቢዋና ከነዕቃዋ አስመዝኑ። ከዚያም የመኪናውን መጽሐፍ ይክፈቱ፤ ራቭ ፎር በየዘመኑና በየሞተሩ ስለሚለያይ የጎረቤት መኪና ቁጥር አይሠራልዎትም። መጽሐፉ ላይ ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ አንዱ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ሌላው ፍሬን ለሌለው ነው። መኪና ሻጭ የሚነግርዎ ሁልጊዜ ትልቁን ነው፤ እርስዎን የሚመለከተው ግን ትንሹ ነው።

ከጠቅላላው ክብደት ባልተናነሰ የሚያሳስበው በኳሱ ላይ፣ ማለትም ተሳቢው በሚያያዝበት ከመኪናው ኋላ ባለው ክብ ብረት ላይ፣ የሚያርፈው ጫና ነው። ይህ ጫና ከጠቅላላው ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ማለት ነው። ጫናው ከዚህ ካነሰ፣ ማለትም ክብደቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ፣ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናውን ኋላ ተጭኖ የፊቱን ያቀልለዋል፤ ለእርስዎ መኪና ይህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የሚነዳውም በዋናነት የሚያቆመውም የፊት ጎማው ነው። የሰው መመዘኛ ሚዛን በቂ ነው። ሚዛኑ ላይ የኳሱን ቁመት ያህል አጭር ግንድ አቁመው፣ ተሳቢውን ደልዳላ መሬት ላይ አድርገው አንገቱን፣ ማለትም ከኳሱ ጋር የሚያያዘውን የፊት ጫፉን፣ ያሳርፉበት። ቁጥሩ ካልተስማማዎ ዕቃ ከኋላ ወደ ፊት ወይም ከፊት ወደ ኋላ ያዛውሩ፤ እሱ ካልበቃም ጀልባዋን ተሳቢው ላይ ጥቂት ያንሸራትቷት።

አሁን ወደ ኳሱ እንምጣ። ብዙ ሰው «ኳስ ኳስ ነው» ይላል። የአውሮፓ ተሳቢ የሚጎርሰው 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው። የአሜሪካን ልክ የሚከተሉት ግን በኢንች ስለሚሠሩ አንዱ 47.6፣ ሌላው 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናዎ ከዱባይ መጥቶ ኳስ ከነበረው፣ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። 50.8 ሚሊ ሜትሩ ከሆነ የሆላንዱ ተሳቢ አፍ በትክክል አይዘጋም፤ አለመዝጋቱም ይታይዎታል፤ ስለዚህ እሱ ደግ ጥፋት ነው። 47.6 ከሆነ ግን ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ የተያዘም ይመስላል፣ ከዚያም አንድ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል። በካሊፐር ይለኩ፤ ከሌለዎት ቶርኖ ቤት ወስደው ያስለኩ። ኳሱን ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ግን አልመክርም፤ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ማንም አያውቅልዎትም። የመጎተቻው ብረትም የሚታሰረው ከመኪናው የሰውነት መሸከሚያ ላይ አምራቹ ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች በብሎን እንጂ ከኋላ መከላከያው ላይ በብየዳ አይደለም። ከኳሱ በታች ሁለት የጥንቃቄ ሰንሰለቶችን አንዱን በሌላው ላይ አቋርጠው ያያይዙ፤ ተሳቢው ቢያመልጥ አንገቱ አስፋልቱን ሳይነካ ሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል።

የባጃጁን ጎማ በተመለከተ፣ ሊገባ መቻሉ እውነት ነው። ባጃጅ የሚጠቀመው ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ጎማ ሲሆን ብዙ ትናንሽ ተሳቢዎችም በዚያው ቸርኬ ላይ ይቆማሉ። ነገር ግን ጎማው መግባቱ መሸከሙን አያሳይም። ከ750 ኪሎው 60ው በኳሱ ላይ ቢያርፍ የቀረው 690 ለሁለት ጎማ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 345 ኪሎ ይደርሰዋል። ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅሙን ይነግርዎታል፦ 62 የተጻፈበት 265 ኪሎ፣ 71 የተጻፈበት 345 ኪሎ፣ 75 የተጻፈበት 387 ኪሎ ይሸከማል። ስለዚህ 62 የሚል ጎማ ፈጽሞ አይሆንም፤ 71 ቢገኝም ምንም ትርፍ ሳይኖረው በልኩ የቆመ ነው፤ 75 እና ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ጎማው አዲስ ቢመስልም ዕድሜውን ይመልከቱ፤ ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2314 ከሆነ በፈረንጆቹ 2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የጀልባ ተሳቢ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። መለዋወጫ ጎማ ሳይይዙ አይነሱ፤ በዚህ ልክ የሚሸከም ጎማ መንገድ ላይ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደግሞ የጀልባ ተሳቢ ብቻ የሚያውቀው ሕመም አለበት። ትንሽ ጎማ በተመሳሳይ ፍጥነት ከትልቅ ጎማ ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚሽከረከር ኩሽኔታው በጣም ይሞቃል። እንደደረሱ ኩሽኔታው የተቀመጠበትን ትኩስ የጎማ እምብርት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከነከሩት፣ ውስጡ ያለው አየር በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ይኮማተርና ግሪሱን በሚይዘው ላስቲክ፣ በፓራሊዮው፣ በኩል ውሃ ይስባል። የዚያን ዕለት ምንም አይታይም፤ ከወር በኋላ ግን ግሪሱ ወተት መስሎ፣ ብረቱ ዝጎ ያገኙታል። ስለዚህ ጎርጎራ ሲደርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቁሙት፤ ቡና ለመጠጣት ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። መንገድ ላይ ቆላ ድባ ሲደርሱም ቆመው እምብርቱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ለብ ቢል ደንብ ነው፣ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን ጉዞውን አይቀጥሉ። የጎማዎቹን ዳዶዎችም እዚያው ያጥብቁ።

መንገዱ ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ እስኪደርስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ ጣና ወደ 1,790 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲሄዱ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፣ ሲመለሱም ያንኑ ይወጣሉ። መኪናው ከነቤተሰቡ 1,900 ኪሎ ቢሆን የ750 ኪሎው መጨመር የፍሬኑን ሥራ 40 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ስለሌለው ይህ ሁሉ የሚያርፈው በመኪናዎ የፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ነው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት የአውቶማቲኩን ማርሽ ወደ ዝቅተኛው ያውርዱ፤ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርገው እየረገጡ ይልቀቁት እንጂ እግርዎን እንዳስቀመጡበት አይውረዱ። ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ። ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ በሚበዛበት የደምቢያ ሜዳ ላይ ከዚህም በታች ነው የምነዳው። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ ፍሬን አይርገጡ፤ በደመ ነፍስ የሚመጣው ተቃራኒው ስለሆነ ይህን አስቀድመው ለራስዎ ደጋግመው ይንገሩት።

የተሳቢው ሰሌዳ፣ የኋላ መብራትና ፍሬቻ የተሟሉ መሆን አለባቸው፤ መድን ሰጪዎም ውሉ ተሳቢን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስልዎ። ከተሳቢው ጫፍ ተርፎ የሚወጣውን ምሰሶ ቀይ ጨርቅ ያስሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ደርሰናል። ከምንም በፊት በእግርዎ ይሂዱ። የደምቢያ መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይመስላል፣ አንድ ዝናብ ሲነካው ግን እግርን ከነጫማ ያስቀራል። የሐይቁም ከፍታ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይለዋወጣል፤ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። ዳርቻው ገር በሆነበት ቦታ፣ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ቢሆን፣ ውሃው 150 ሜትር ይሸሻል ማለት ነው፤ የሸሸበት መሬት ደግሞ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ለስላሳ ነው። ጥቅምት ላይ ያወቁት ቦታ ግንቦት ላይ ሌላ ቦታ ነው። ጥሩው ዳርቻ ድንጋያማ ወይም ጠጠራማ ሆኖ በሰባት ሜትር አንድ ሜትር ያህል የሚወርድ ነው። ይህች ጀልባ ከተሳቢዋ ላይ እንድትነሳ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋታል ብንል፣ በዚህ ዓይነት ዳርቻ ተሳቢው አምስት ሜትር ብቻ ይገባል፣ የመኪናዎ ጎማም ደረቅ ላይ ይቀራል። በ20 ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ ከሆነ ግን 14 ሜትር መግባት አለበት፤ ያኔ መኪናው ራሱ ዋናተኛ ይሆናል።

ለእንዲህ ያለው ገር ዳርቻ መላው ገመድ ነው። መኪናውን ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፣ ከተሳቢው ይለያዩት፣ በሁለቱ መካከል 20 ሜትር የሚሆን ወፍራም ገመድ ያስሩ፣ ለተሳቢው ጎማዎች ጣውላ ያንጥፉ፤ ከዚያም በሰው እጅ እየተገፋ፣ በገመዱ እየተያዘ ይውረድ። ሲመለስ መኪናው ደረቁ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ገመዱም ይስባል። ገመዱ ሲወጠር ማንም ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ በገመዱ መስመርም ሆነ ከተሳቢው ኋላ አይቁም።

በተዳፋት ላይ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ያለበትን ድክመት ልብ ይበሉ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ሲቆም ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኳሱ ጫናም ኋላውን ይጨምርበታል፤ ስለዚህ መኪናውን ሊያወጣ የሚገባው የፊት ጎማ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚይዘው ያጣና ባለበት ይሽከረከራል። የእጅ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴን ጀልባ ሳወርድ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ማርሹን ነጻ አድርጌ ከመኪናው ወረድኩ፤ የኋላ ጎማዎቹ አረንጓዴ ልባጭ በያዘው ድንጋይ ላይ ቆመው ስለነበር መኪናው ድምፅ ሳያሰማ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሳይዞሩ፣ እንዳለ ወደ ውሃው መንሸራተት ጀመረ። የአካባቢው ልጆች ትልልቅ ድንጋይ ጎማው ሥር ወርውረው አስቆሙልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት የእንጨት ታኮ ሳልይዝ ሄጄ አላውቅም። እርስዎም ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ከመውረድዎ በፊትም ሌላ ሰው ታኮውን ከጎማው ኋላ ያስገባ። በዳርቻው ላይ መኪና ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ማንም አይኑር፤ ሹፌሩም የደህንነት ቀበቶውን ፈትቶ መስኮቱን ይክፈት።

ምሰሶውን የሚያቆሙት የት ነው? ይህ ከሁሉ በላይ ሰው የሚገድል ጉዳይ ነው። የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ምሰሶ አሉሚኒየም ሲሆን ተሳቢው ላይ እንዳለች ሲቆም ጫፉ ከመሬት እስከ ስምንት ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የሰፈር የኤሌክትሪክ ሽቦ ከዚያ በታች ያልፋል። በግቢ ውስጥ፣ በመንገድ ዳር ወይም ቡና በሚጠጡበት ጥላ ሥር አያቁሙት። ዳርቻው ላይ ደርሰው፣ ከዚያ እስከ ውሃው ባለው መንገድ ላይ ምንም ሽቦ እንደሌለ ቀና ብለው አይተው ብቻ ያቁሙት። ሲመለሱም ተሳቢው አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ያውርዱት።

ወደ ኋላ መንዳትን አስቀድመው ባዶ ተሳቢ ይዘው ሜዳ ላይ ይለማመዱ። እጅዎን በመሪው ታችኛው ክፍል ላይ ያድርጉ፤ ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድ ሲፈልጉ እጅዎን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲፈልጉ ወደ ቀኝ ይውሰዱ። ዳርቻው ላይ የመብራቱን ገመድ ይንቀሉ፤ የሞቀ አምፖል ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የጀልባዋ የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ መዘጋቱን በእጅዎ ያረጋግጡ። ኋላዋን ያሰሩትን ማሰሪያ ይፍቱ፤ አፍንጫዋን የያዘውን ገመድና ሰንሰለት ግን ውሃው እስኪያነሳት አይንኩት፤ ቀድመው ከፈቱት ድንጋዩ ላይ ትወርዳለች። አንድ ሰው የአፍንጫ ገመዷን ይዞ ጎን ላይ ይቁም። ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደው የመሃል ክንፏና መሪዋ ተነሥተው ይቆዩ፤ ጥልቅ ውሃ ሲደርሱ ይወርዳሉ።

ጣና ላይ ጠዋት ውሃው ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ለጀማሪ ማውረጃው ጠዋት፣ ማውጫውም ነፋሱ ሳይበረታ ነው፤ ማዕበል የሚያናውጣትን ጀልባ ተሳቢ ላይ መጫን ከማውረዱ እጥፍ ይከብዳል። ነገር ግን ገና ሳይነጋና ሲመሽ ደንገል ባለበት ዳርቻ አይገኙ፤ ጉማሬ አለ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰው ረጅም የፕላስቲክ ቦቲ ያድርግ፤ ልጆቹም ዳር ላይ በባዶ እግር አይንቦጫረቁ። የደንገል ታንኳ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ይህን ሁሉ ጣጣ ሲያዩ ቢስቁብዎ አይቀየሙ፤ እነሱ ሲጨርሱ ታንኳቸውን ተሸክመው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቋታል።

ከውሃው ካወጧት በኋላ በመጀመሪያ ቡሹን ከፍተው ውሃው ይፍሰስ፤ ሆዷ ውስጥ የቀረ 50 ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ነው። እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም በጣና ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተንሰራፋ በመሆኑ፣ ተሳቢው ብረት ውስጥ፣ ጎማው ላይና የጀልባዋ ሞተር ፕሮፔለር ላይ የተጣበቀውን ቁራጭ አንድ በአንድ ለቅመው እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ይጣሉት። ከአንዲት ቁራጭ ይበቅላል፣ ዘሩም ለዓመታት ይቆያል፤ ጀልባዋን አንገረብ ግድብም ሆነ ሌላ ውሃ ለማስገባት የሚያስቡ ከሆነ ይህን ሸክም ይዘው እንዳይሄዱ። ወደ ጎንደር ሲወጡ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚያጣ አስበው አይቸኩሉ፤ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ፣ የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይቱም ከጉዞው በፊት የተለወጠ ይሁን።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ፣ በየሳምንቱ አልጎትታትም። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነክር አንድ ጊዜ አውርጄ፣ ጎርጎራ ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ ከነተሳቢዋ በኪራይ አስቀምጬ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በግንቦት መጀመሪያ አወጣት ነበር። እነዚያን ሁለት ጉዞዎች ደግሞ ከባድ ሻንሲ ባለው፣ በአራቱም ጎማ በሚነዳ ፒክአፕ ማሠራት ከአንድ የማርሽ ሳጥን ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው። ራቭ ፎሩ ልጆቹን ይዞ ከኋላ ይከተል። በራስዎ መኪና ለመሄድ ከወሰኑ ግን የምድር ሚዛኑን ውጤት፣ የኳሱን ልክና በተሳቢው አፍ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይላኩልኝ፤ ሦስቱን ሳላይ «ይሂዱ» አልልዎትም።